ባዶ ነው ከተባለው ቤት፣ ለልከኛ ከተማ ቢሮ

ለተከበሩ የልከኛ ከተማ ቢሮ ዋና ዳይሬክተር
ኦክላንድ

ክቡርነትዎ፣

እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ የቢሮዎ ሠራተኞች፣ አምና በሕዝብ ስብሰባ ላይ በሥዕል ያሳዩን ያ አረንጓዴ የወደፊት ከተማ፣ ሁሉም እንደምን አሉ? እኔ፣ እርስዎ ባዶ ብለው በጻፉት ቤት ውስጥ የምኖረው፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴን ብቻ ትንሽ ያመኛል። ባዶ ቤት ጉልበቱን እንደሚያመው እኔም እስከ ዘንድሮ አላውቅም ነበር።

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የምጽፈው ለመድፈር አይደለም። ከቢሮዎ የመጣው ማስታወቂያ ግርጌው ላይ "አስተያየትዎን በሚመችዎ ቋንቋ ያቅርቡ" ስለሚል ነው። የሚመቸኝ ይኸው ነው። በእንግሊዝኛ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቼበታለሁ፣ ሐኪም ፊት ቆሜበታለሁ፣ ከኢንሹራንስ ጋር ተጨቃጭቄበታለሁ፤ ለመማረር ግን ሞልቶልኝ አያውቅም። ሳንሆዜ ያለችው ልጄ ሶልያና በስልክ "ማሚ፣ ጀስት ኢሜይል ዜም፣ ሾርት አድርጊው" ብላኝ ነበር። ሾርት ለማድረግ ሞከርኩ። እንደሚያዩት አልሆነልኝም።

እጅጋየሁ እባላለሁ። ዊሎቢ ኮርት በምትባል፣ አሥራ አራት ቤት ብቻ ባላት አጭር መንገድ ላይ ከባለቤቴ ከክንፉ ጋር ሃያ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ። ክንፉ በኦክቶበር የመጀመሪያው ሐሙስ አረፈ፤ አሁን ብቻዬን ነኝ። ሥራዬ ዩኒየን ሲቲ፣ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነው፤ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አበላለሁ። መኪና አልነዳም። እስከ ዛሬ ያደረሰኝም የመለሰኝም ክንፉ ነበር። እሱ ካረፈ ወዲህ የሚያደርሰኝ በመንገዳችን አፍ ላይ የሚቆመው አውቶቡስ ነው፤ አውቶቡሱ ባርት ጣቢያ ይጥለኛል፣ ከዚያ በባቡር እሄዳለሁ። ቢሮዎ ያንን ፌርማታ ከፌብሩዋሪ አንድ ቀን ጀምሮ ሊያነሣው ወስኗል። የደብዳቤዬ ጉዳይ ይኸው ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም ነው።

ቢሮዎ ለምን እንደተቋቋመ አልጠፋኝም። ሰው ከከተማው እየወጣ ነው፤ ሰው ሲያንስ መብራቱም፣ መንገዱም፣ ቆሻሻ ማንሣቱም በልኩ ይሁን ተባለ። የከሳ ሰው ልብሱን ማስጠበቡ ያለ ነው። ልብሱ ሲጠብ ግን ሰውየው ውስጡ መኖሩን ማየት የልብስ ሰፊው ፋንታ ነው። ቅሬታዬንም እንደ ደንቡ በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቢሮዎ ቁጥር እንደሚወድ ተረድቻለሁና።

አንደኛ፣ ስለ ሰላምታው።

በዲሴምበር የደረሰኝ ደብዳቤ ወደ አማርኛ ተተርጉሞ ነበር። ለዚህ ከልቤ አመሰግናለሁ፤ ስንቱ መሥሪያ ቤት ይህን ያህል ያስባል! የሚጀምረው ግን "ውድ ባዶ ቤት" ብሎ ነው። ቀጥሎም "በውስጥዎ ማንም ባለመኖሩ እናዝናለን" ይላል። ክቡርነትዎ፣ ይህን ሳነብ ባሌን ከቀበርኩ ገና ሁለት ወር ቢሆነኝ ነው። ከሥራ ገብቼ፣ ኮቴን እንኳ ሳላወልቅ፣ ወጥ ቤት ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ውስጤን ማን ነገራቸው ብዬ ደነገጥኩ። ስለ ቤቱ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። የሆነው ሆኖ ከመሥሪያ ቤት የደረሰኝ የሐዘን መግለጫ ያ ብቻ ስለሆነ አስቀምጬዋለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ መጀመሪያው ቆጠራ።

ክንፉ ሐሙስ አረፈ፤ ቆጣሪዎ ቅዳሜ መጡ። በእኛ ደንብ ጎረቤት ሲሞት ሰው ቤቱን ዘግቶ ለቅሶ ቤት ይውላል። በመንገዳችን ላይ ይህን የሚያደርገው አበሻው ብቻ አይደለም። ማዶ ያሉት ሜክሲኮዎች፣ ጥግ ላይ ያለችው ፊሊፒናዊት ነርስ፣ ሁሉም አብረውን ብዙ ዓመት ስለኖሩ ለምደውታል። ሩዝ በድስት ተሸክመው ይመጣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ምን እንደሚባል ባያውቁም ዝም ብለው ይቀመጣሉ። እንግዲህ ከአሥራ አራቱ ቤት ሦስቱ እውነትም ሰው የላቸውም። የቀረነው አሥራ አንድ ነን። በዚያን ቅዳሜ የአሥሩ ቤት በር ተቆልፎ፣ ሰዉ ሁሉ እኔ ቤት ነበር።

ቆጣሪዎ አረንጓዴ ሰደርያ የለበሱ፣ ሃምሳ ዓመት የዘለሉ፣ በጣም ትሑት ሰው ናቸው። አሥሩን በር አንኳኩተው መልስ ሲያጡ እኔ ዘንድ ደረሱ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኛ መሆኑን ሳልሸሽግ አምናለሁ። ለቅሶ ቤት የመጣን ሰው "ማን ነህ? ምን ፈልገህ ነው?" ማለት ነውር ነው። የመጣ ሁሉ ሐዘንተኛ ነው፤ ቦታ ይለቀቅለታል። ስለዚህ ወንበር ተሰጣቸው። የእድራችን ዳኛ አቶ ሰረቀብርሃን የክንፉ የሥራ ባልደረባ መስለዋቸው እጃቸውን ጥብቅ አድርገው ይዘው "ሂ ዋዝ ኤ ጉድ ማን፣ ኤ ጉድ ማን" እያሉ አለቀሱ። ቆጣሪውም አብረው አለቀሱ። የጎን ጎረቤቴ ኢክራም ያን ቀን ወጥ ቤቱን ይዛው ነበር፤ ምስርና ጎመን በሳህን አቀረበችላቸው፣ ሲጨርሱ ደገመቻቸው። እኔም ከፍራሼ ሳልነሣ ከሩቅ ራሴን ዝቅ አድርጌ እጅ ነሣኋቸው። አርባ ደቂቃ ያህል ተቀምጠው፣ ወረቀታቸው ላይ ጻፍ ጻፍ አድርገው፣ ሁሉን በየተራ ጨብጠው ሄዱ። "ምን ዓይነት ጨዋ ሰው ነው!" ተባለ። ክንፉ የኤርፖርት ሻትል ሹፌር ስለነበር ግማሹ የድሮ ደንበኛው ናቸው አለ፣ ግማሹ አለቃው ናቸው አለ፤ እስኪመሽ በዚህ ተከራከሩ።

የጻፉትን ያወቅነው በኋላ፣ የቢሮዎን ሪፖርት ስናነብ ነው። "አሥር ቤቶች፦ መልስ የለም። አንድ ቤት፦ ሃምሳ ሰባት ነዋሪ።" በሳምንቱ ባለ ሁለት መኝታ ቤቴ ውስጥ ከተፈቀደው በላይ ሰው አስፍራለች የሚል ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ነዋሪዎቹን እንድቀንስ የሠላሳ ቀን ጊዜም ተሰጠኝ። ወይ ጉድ! ልንጠይቅዎ የምንፈልገው ነገር ቢኖር የሃምሳ ሰባተኛውን ሰው ጉዳይ ነው። ኢክራም ሳህን ቆጥራ ነበር፤ እኛ ሃምሳ ስድስት ነበርን። አንዱ ከየት መጣ ብለን ብዙ ከተጨነቅን በኋላ፣ ቆጣሪው ራሳቸውንም ጨምረው መቁጠራቸውን ደረስንበት።

ሦስተኛ፣ ስለ ሁለተኛው ቆጠራ።

ቢሮዎ ሁለት ጊዜ በአካል ሳይጎበኝ የትኛውንም ቤት ባዶ እንደማይል በድረ ገጹ ላይ አንብቤያለሁ። ይህ ጥንቃቄ የሚያስመሰግን ነው። የክንፉ አርባ የሚውለው ሰኞ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ሰኞ ለሙት የሚሰጥ ፈቃድ የለም፤ እኛም እንደ ሁልጊዜው ከዚያ ቀደም ወዳለው ቅዳሜ ሳብነው። የአሜሪካ አርባ ሠላሳ ስምንት ቀን ነው፤ እግዜርም የሥራ ሰዓታችንን ያውቃል። በዚያን ቅዳሜ ጠዋት መንገዱ በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ፍትሐት ተደረገ፣ ከዚያ አዳራሹ ውስጥ ምሳ ተበላ። ኢክራም ሙስሊም ናት፤ ግቢው ውስጥ ቆማ ጠብቃን አዳራሹ ሲከፈት ቀድማ ገብታ ሳህን ያዘች። ቆጣሪዎ የመጡት በዚያው ቀን ነው። ዘንድሮ ከሃምሳ ሁለቱ ቅዳሜ ሁለቱን መርጠው፣ ሁለቱንም የክንፉን ቀን መረጡ። አሥሩ በር አልተከፈተም። የእኔም አልተከፈተም።

ሪፖርትዎ ይህን "ከሃምሳ ሰባት ወደ ዜሮ በአምስት ሳምንት፣ እስከ ዛሬ ከተመዘገበው ሁሉ ፈጣኑ የነዋሪ መመናመን" ይለዋል። ሥዕልም አለው፤ ቀይዋ መስመር ከእጅ እንዳመለጠ ሳህን ቁልቁል ትወርዳለች። በዚህ ምክንያት ዊሎቢ ኮርት አገልግሎት ከሚታጠፍባቸው መንገዶች ዝርዝር ውስጥ ከአሥራ ዘጠነኛ ወደ አንደኛ ከፍ ብላለች። ክቡርነትዎ፣ ሃምሳ ሰባቱን እንድቀንስ ሠላሳ ቀን ሰጥተውኝ ሁሉንም ጠራርጌ አስወጥቻለሁ። ለዚህ ታዛዥነቴ እስካሁን የምስጋና ወረቀት ስላልደረሰኝ በፖስታ ጠፍቶ ይሆናል ብዬ እየጠበቅሁ ነው።

ሂሳቡን የሚልክልኝን የውሃ ክፍል አንድ ጊዜ ጠየቅ ቢያደርጉት እንዴት ጥሩ ነበር። እሱ ባዶ ነሽ ብሎኝ አያውቅም።

አራተኛ፣ ስለ መብራቱና ስለ አበባው።

የመንገድ መብራቱን አንዱን አብርታችሁ አንዱን ስላጠፋችሁልን እናመሰግናለን፤ ኮከብ ታዩበታላችሁ የተባለውንም ሰምተናል። አበባውን ግን ከልቤ ነው የማመሰግነው፣ በዚህኛው አልቀልድም። ከሦስቱ ባዶ ቤቶች አንዱ ፈርሶ ቦታው ላይ የዱር አበባ ተዘርቷል፤ ያምራል። እዚያ ቤት የነበሩት ሰዎች ወደ ትሬሲ ከሄዱ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ፍራሽና ጎማ ነበር የሚጣልበት። አበባው ከጎማ ይሻላል። የከበደኝ ከፊቱ የተተከለው ሰሌዳ ነው። "እዚህ አንድ ጊዜ ሰፈር ነበር" ይላል። የተተከለው ደግሞ ልክ ከመኝታ ቤቴ መስኮት ትይዩ ነው። በየጠዋቱ ወደ ሥራ ስወጣ አነበዋለሁ፣ ስመለስ አነበዋለሁ። ሰው በሕይወት ሳለ የመቃብሩን ጽሑፍ በቀን ሁለቴ ማንበብ ያደክማል። እኔ ደክሞኛል።

አምስተኛ፣ ስለ ፌርማታው።

ክንፉ ከተቀበረ በኋላ ወደ ሥራ የተመለስኩት ሰኞ ቀን ነበር። በዚህች ከተማ አውቶቡስ ተሳፍሬ አላውቅም ነበር፤ ብነግርዎ አያምኑኝም። ኢክራም ካርዱን ገዝታ፣ የት እንደሚነካ አሳይታ፣ የመጀመሪያውን ቀን ፌርማታው ድረስ ከነፒጃማዋ ሸኘችኝ። አምስት ሰዓት ከአርባ ላይ ነው የሚመጣው፣ በአሜሪካ አቆጣጠር፣ ጠዋት። ስሄድ ብቻዬን መስሎኝ ነበር። ሰባት ሰው ቆሟል። ሁለቱ ሆቴል የሚያጸዱ ሴቶች ናቸው፣ አንዱ ዳቦ ቤት ይሠራል፣ ማዶ ያለው የሜክሲኮ ቤተሰብ አባት አለ፣ ፊሊፒናዊቷ ነርስ ከአዳር ስትመለስ ከዚያው አውቶቡስ ትወርዳለች። ሹፌሯ አሁን ታውቀኛለች። ጉልበቴን ስላየች በሩን ቶሎ አትዘጋም። አንድ ቀን ዘግይቼ ስሮጥ ጠብቃኛለች። ከክንፉ በኋላ በዚህ ከተማ ቆማ የጠበቀችኝ እሷ ናት።

ሪፖርትዎ ይህን ፌርማታ "ተጠቃሚ የሌለው" ይለዋል። ምክንያቱም መንገዱ ባዶ ነው፤ ባዶ መንገድ ተሳፋሪ ሊኖረው አይችልም። ሹፌሯን የጠየቃት የለም። ካርዳችንን የሚቆጥረውን ማሽንም የጠየቀው የለም። የሚቀጥለው ፌርማታ በእኔ እግር ግማሽ ሰዓት፣ ያውም ዳገት ነው።

በምትኩ የቀረበልኝን ምርጫ አውቃለሁ፤ ለመልካም አሳብዎ አመሰግናለሁ። ሌክ ሜሪት አጠገብ፣ ከተማዋ ትሰበሰብበታለች በተባለው በኩል፣ "ለአንድ ሰው ልከኛ የሆነ ክፍል" እንድጠይቅ ፎርም ተልኮልኛል። ፎርሙ ላይ "አብሮዎት የሚኖር ሰው ብዛት" የሚል ሣጥን አለ። እዚያች ሣጥን ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ፤ ፎርሙም እስካሁን እንደቆመ ነው።

ሶልያናም ደብዳቤዎን ካነበበች ወዲህ ጠበቃዎ ሆናለች። "ማሚ፣ ኢቭን ዘ ሲቲ ኢዝ ቴሊንግ ዩ። ጀስት ሙቭ ኢን ዊዝ አስ" ትለኛለች፤ ከተማው እንኳ እየነገረሽ ነው፣ ነይ ከእኛ ጋር ኑሪ ማለቷ ነው። ባሏ መልካም ሰው ነው፤ ከጋራዡ አጠገብ ያለችውን ክፍል ቀለም ቀብቶልኛል። ልጄ ስለምትወደኝ ነው፣ እሱ አይጠፋኝም። እዚያ ብሄድ ግን ሥራ የለኝም፣ ጎረቤት የለኝም፤ ሁለቱም ሥራ ሲሄዱ ቴሌቪዥን እያየሁ የሚመለሱበትን ሰዓት መቁጠር ነው። ፌርማታው ከተነሣ ሥራዬን እለቃለሁ፤ ሥራዬን ከለቀቅሁ ቤቱን እለቃለሁ። ፊሊፒናዊቷም ወደ ኮንኮርድ ልሂድ እያለች ነው። በዓመቱ ቆጣሪዎ ሲመጡ እውነትም ማንም አይኖርም። ያን ጊዜ ሪፖርትዎ ትክክል ይሆናል። ባዶ ሆነን አልነበረም ባዶ የተባልነው፤ ባዶ ስለተባልን ነው ባዶ የምንሆነው።

ከዚህ በኋላ ቁጥሩን ልተወው። ቁጥር የእናንተ ሙያ ነው።

ስለ ማነስ እኔም ጥቂት አውቃለሁ። እድራችን ሲቋቋም መቶ ሃያ አባል ነበረው። ዛሬ አርባ ሦስት ነን። ማን ወደ ስቶክተን፣ ማን ወደ ቴክሳስ፣ ማን ወደ ማይመለስበት ሄደ። ከአራት ዓመት በፊት አቶ ሰረቀብርሃን ስብሰባ ጠርተው "ምን ይሻላል?" አሉ። ለሦስት ሰዓት ተጯጯህን። ይፍረስ ያለ ነበር፤ የማይመጡት ስማቸው ይሰረዝ ያለ ነበር፤ ከመካከል ተቆጥቶ ኮቱን ይዞ የወጣም ነበር፣ ቁልፉን ረስቶ ተመለሰ እንጂ። መጨረሻ ላይ ድንኳኑንና ትልልቁን ድስት ከሳንሆዜው እድር ጋር አንድ አደረግን፤ ሁለት ድንኳን ለምን ይሻግታል? ወንበሩን ቫን ላለው ሰው ሰጠን። ርቀው የሄዱትን ከመሰረዝ ይልቅ ሥራ ሰጠናቸው፤ የትሬሲዎቹ አሁን ዳቦ ያመጣሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይሉ የለ። ሎሚ ተሸካሚው ሲያንስ የቀሩት ጠጋ ጠጋ ይላሉ እንጂ፣ የቀሩትም አይባረሩም።

አንድ ሕግ ደግሞ አወጣን። የማንም ስም ከመዝገብ ከመሰረዙ በፊት ሁለት ሰው ቤቱ ሄዶ ያንኳኳል። የለም ከተባለ ጎረቤት ይጠየቃል። ይህ ሕግ አንድም ገጽ ሪፖርት የለውም፣ ሥዕልም የለውም፤ እስካሁን ግን በሕይወት ያለ ሰው አልሰረዝንበትም። ቢፈልጉት በነፃ ይውሰዱት።

ነገሩን በአካል ላስረዳ ብዬ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። ማክሰኞ፣ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት አራት ሰዓት፣ ፈቃድ ወስጄ፣ ፓስፖርቴንና የውሃ ወረቀቴን ይዤ፣ መኖሬን የምትመሰክር ኢክራምን አስከትዬ፣ ፌርማታው በሚነሣበት በዚያው አውቶቡስ መጣሁ። በሩ ተቆልፏል። "ሠራተኞች በሙሉ ስብሰባ ላይ ነን" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። አንኳኳሁ፤ መልስ የለም። በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ተመልሼ መጣሁ። "ጡረታ የወጣ ባልደረባችንን ለመሸኘት ሁላችንም ወጥተናል" ይላል። በዚህ አልተቀየምኩም፤ ሰው ባልደረባውን ሊሸኝ ቤቱን ዘግቶ መውጣቱ ደግ ነው፣ እኛም የምናደርገው እሱን ነው። በመስተዋቱ አሻግሬ ስቆጥር ዘጠኝ ጠረጴዛ አለ፣ ሰው የለም። ሁለት ጊዜ በአካል ጎበኘሁ፣ ሁለት ጊዜ መልስ አጣሁ። በራስዎ ደንብ መሠረት ክቡርነትዎ፣ ቢሮዎ ባዶ ነው። ኢክራም "ኧረ ተዪ" ብላ ባትጎትተኝ ኖሮ በሩ ላይ "እዚህ አንድ ጊዜ ቢሮ ነበር" ብዬ ለጥፌ፣ ከመንገዳችን የለቀምኩትን የአበባ ዘር በትኜ እመለስ ነበር።

እንግዲህ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ከፌብሩዋሪ አንድ በፊት ለሦስተኛ ጊዜ ይቁጠሩን። ረቡዕ ይሁን፤ ለቅሶም ሰርግም የሌለበት ተራ ረቡዕ። ቤት ለቤት ማንኳኳት ከደከማችሁ አትድከሙ፤ አምስት ሰዓት ከአርባ ላይ ፌርማታው ላይ ቁሙ። ሁላችንም በየተራ ወደ እናንተ እንመጣለን። እኔ ጉልበቴን እያሸሁ የምመጣዋ ነኝ።

ለጤናዎ፣ ለትዕግሥትዎ፣ ለአረንጓዴው ከተማዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ በዚህ ሁሉ ቁጥር መካከል ይህን ለማንበብ ጊዜ ካገኙ ከወዲሁ ምስጋናዬን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

ከማይኖር ሰው የሚቻለውን ያህል አክባሪዎ፣
እጅጋየሁ
ዊሎቢ ኮርት፣ ከአበባው ቀጥሎ ያለው ባዶ ቤት

ይድረስ ግልባጭ፦ ለአውቶቡሷ ሹፌር

ማሳሰቢያ፦ እድራችን ባለፈው እሑድ ተሰብስቦ ስለ ቆጣሪዎ ተነጋግሯል። ሰውየው ለቅሶ ደርሰውናል፣ አብረውን አልቅሰዋል፣ በገዛ እጃቸውም ራሳቸውን ከእኛ ጋር ቆጥረዋል። ስለዚህ አርባ አራተኛ አባል ሆነው ተመዝግበዋል። ስማቸውን ስላላወቅነው ለጊዜው "ባለ አረንጓዴ ሰደርያው" ተብለው ተጽፈዋል። መንገዳችን ዘንድሮ በአንድ ሰው ጨምራለች ማለት ነው፤ ይህን በሪፖርትዎ ላይ ቢያርሙልን ደስ ይለናል። ክፉ አይንካቸው እንጂ፣ ክፉ ቀን ቢመጣባቸው ሁላችንም ቤታችንን ዘግተን እንደርስላቸዋለን፤ ያን ቀን ብቻ እንዳትቆጥሩን። አድራሻቸውን ይላኩልን። የምንመጣው በአውቶቡስ ነውና፣ ፌርማታውን እስከዚያ አያንሡብን።